ጋሽ ኪዳኔን የመታው እንጨት

በፈረንጆቹ 2011 ሰመር፣ ጋሽ ኪዳኔ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር በእጃቸው በሠሯት ሳምቡክ ላይ ከግራ ጆሯቸው በላይ ተመትተው ሞተው ተገኙ። ምጽዋ በወጣትነታቸው ጨው፣ ዓሣና ሐጃጅ ያሻግሩ የነበሩት በእንዲህ ዓይነቷ ባለሸራ መርከብ ነው።

ፖሊሱ «አደጋ ነው» ብሎ ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ። የሸራውን ገመድ ያሰረችው ልጃቸው ሶልያና ስለሆነች ጥፋቱ እሷ ላይ አረፈ።

ለኢንሹራንስ ድርጅት የሞት መንስኤ የምትመረምረው ሸዋዓለም ከሲልቨር ስፕሪንግ ማስቲካዋን እያኘከች መጣች።

«አባቴን ገደልኩት» አለች ሶልያና። «ውሃ ልገዛ ሄጄ ስመለስ እጮኛዬ ሲላስ ‹ገመድሽ ተፈትቶ እንጨቱ ገደላቸው› አለኝ።»

«የትኛው እንጨት?»

«አልጠየቅኩትም።»

ሸራውን የሰፋችው ሀጀራ ያን ቀን ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።

«‹ዛሬ ለልጄ የምነግራት አለ፤ ታለቅሳለች› አለኝ። ሸራው ይመረቅና ንገራት ብለው እምቢ አለኝ! ተናድጄ ወደ ሴቨን ኮርነርስ ነዳሁ።»

ሲላስ ደግሞ ሸዋዓለምን ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ትሕትናው ሲበዛ!

«እትዬ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባ ሬንት ስለማደርግ አውቀዋለሁ። ገመዱ ሲለቅ ከሸራው ሥር ያለው እንጨት ዞሮ መታቸው።» እጁን በጆሮው ትክክል አወዛወዘ።

«አየኸው?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

በማግስቱ ሦስቱንም ሳምቡኳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሀጀራ፣ ሸራውን ዘርጊው።»

ሦስት ማዕዘኑ ሸራ ተዘረጋ። ከላይ ረጅም እንጨት ተሸክሞታል፤ ታቹ ግን እንደ ቀሚስ ጫፍ ይርገበገባል።

«ሲላስ፣ የመታቸውን እንጨት እስቲ ንካልኝ።»

እጁን ዘረጋ። ጨርቅ ብቻ! እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የምትከራያት የአሜሪካ ጀልባ ከሸራዋ ሥር እንጨት አላት፤ ፖሊሱም የሚያውቀው እሷን ስለሆነ አመነህ። ሳምቡክ ግን የላትም። የላይኛው ቢወድቅ አናት ይመታ ነበር፤ ደግሞም እንደተሰቀለ ነው። መቅዘፊያዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የታለ? የመታሃቸው በእሱ ነው። አብረሃቸው የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፤ ገመዱንም የፈታኸው አንተ ነህ።»

«ለምን ብዬ?»

«አስፐን ሂል ያለችውን ሚስትህን አግኝቻታለሁ። ጋሽ ኪዳኔ ሊናገሩብህ ነበር።»

ሶልያና ቀና አለች። «ለቅሶው ላይ እጄን ይዘህ ‹ሳታውቂ ነው፣ እግዜር ይቅር ይልሻል› ያልከኝ...»

«ሶሊ፣ ሊስን፣ ስሚኝ...»

«ዝም በል!»

የተፈታውን ገመድ አነሳች፤ አባቷ እንዳስተማሯት አሰረችና በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ነፋሱ ሸራውን ወጠረው። ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው፣ አባ» አለች። «ይይዛል።»