ሽቦው ይለቀቅ

መሸሻና ቦንቱ ሳይተያዩ ነው የተዋወቁት። ያውም በቁጣ!

አንድ ጠዋት መሸሻ ዊንጌት አካባቢ ካለው ቢሮው ተቀምጦ የድልድይ ቢም፣ ድልድዩን የሚሸከመውን የኮንክሪት አግዳሚ፣ ሲነድፍ ስልኩ ጮኸ። ገና «ሃሎ» ሳይል የሴት ድምፅ ወረደበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሲሚንቶው የት ደረሰ? ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ አንተን ይጠብቃል እኮ! ደግሞ ቁርስ እየበላሁ ነው በለኝና ጉድህ ይፈላል!»

«እ... ማለቴ... እኔ ሲሚንቶ የለኝም። መሸሻ ነኝ፣ ከዲዛይን ክፍል።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢንጂነር? ውይ፣ አፈር በበላሁ! ሾፌሩ መስለውኝ ነው... ቦንቱ ነኝ፣ ከሸጎሌ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

መሸሻ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ደነገጠ። የገዛ ሳቁን ከሰማ ስንት ዘመኑ!

ልጆቼ፣ መሸሻ አርባን የተሻገረ፣ አዲሱ ገበያ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። እናቱ ካረፉ ወዲህ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የለም። ወንድም የለው፣ እህት የለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በሩን ከዘጋ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ቦንቱ ደግሞ ሸጎሌ፣ ቢሞቹ በሚሠሩበት ግቢ፣ የኮንክሪት ጥንካሬ የምትፈትን ልጅ ናት። ሥራው እንዲህ ነው። ወፋፍራም የብረት ሽቦዎች ጃክ በሚባል መወጠሪያ ይወጠሩና ኮንክሪት ይሞላባቸዋል። ኮንክሪቱ ጠንክሮ ሽቦውን መያዝ ሲችል ሽቦው ከመወጠሪያው ይለቀቃል። ቀድሞ ከተለቀቀ ቢሙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦንቱ ከዚያው ኮንክሪት የተሠሩ ትንንሽ ጡቦችን በማሽን ትጨፈልቅና ጥንካሬያቸውን አይታ ለመሸሻ ትደውላለች።

«ኢንጂነር፣ ደርሷል።»

«ይለቀቅ።»

በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ግን ቦንቱ ወሬ አታጣም። «ዛሬ ሸጎሌ ጭጋግ ብቻ ነው፣ ቢሙ ራሱ ጠፍቶናል» ትለዋለች። ሌላ ቀን ደግሞ «ከከብት ገበያ ወይፈን አምልጦ ግቢያችን ገባ፤ ፎርማናችን ጋሽ ቶለሳ ሸሽቶ ቢም ላይ ተሰቅሎ ዋለ!» እያለች ታስቀዋለች። ስልኩ ሲዘጋ የቢሮው ጸጥታ ከበፊቱ ይብስበት ጀመር።

ከዊንጌት ሸጎሌ አንድ ታክሲ ነው። ሄዶ ቢያያት ምን ነበረበት? ፈራ። «ድምፄን ለምዳለች፤ እኔን ብታይ ምን ትላለች?» አለ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትእዛዝ አወጣ! «ከዛሬ ጀምሮ ፈተናው ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ይደረግ። የሦስቱም ውጤት ሳይነገረኝ ሽቦ አይለቀቅ።»

አሁን በቀን ሦስቴ ትደውላለች። መሸሻ ደስ አለው። ድምጿ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። ጭጋጉም ቀረ፣ ወይፈኑም ቀረ።

«ኢንጂነር፣ ደርሷል።»

«እሺ... ሸጎሌ እንዴት ነው ዛሬ?»

«ደህና ነው። ሌላ ትእዛዝ አለ?»

ምን ሆና ነው እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ። አንድ ቀን በእሷ ቁጥር ወንድ ደወለለት።

«ኢንጂነር፣ ቶለሳ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ልጅ ነው የሚደውልልዎት። ቦንቱ ሌላ ሳይት ቀይሩኝ ብላ ተፈቅዶላታል።»

«ለምን?»

«ለምን ይሉኛል? ሦስቴ ካላስፈተኗት አያምኗትም! ቢሙ ደርሶ ሳለ ሽቦው ሳይለቀቅ ይውላል፣ ሠራተኛው ሥራ ይፈታል። ‹ኢንጂነሩ የማያምናት ምን ብታደርግ ነው?› ይሏታል። ልጅቷ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ጌታዬ።»

መሸሻ ጃኬቱን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

ግቢው ሲደርስ ቢሞቹ በዝናብ ርሰው ተደርድረዋል። አጠር ያለች፣ ቢጫ ቆብ ያደረገች ሴት ዕቃዋን ከረጢት ውስጥ ትከታለች።

«ቦንቱ?»

ቀና አለች። ፊቱን አላወቀችውም። ድምፁን ግን አወቀች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ኢንጂነር፣ አሁን ደግሞ በአካል ሊፈትኑኝ መጡ? ምን አጠፋሁ? አንድ ቀን ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

«አንድም ቀን! የመጀመሪያው ፈተና ይበቃ ነበር። የቀረው...»

«የቀረውስ?»

ሠራተኞቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። መሸሻ ወደ ጥግ ሊወስዳት አሰበ። ግን ስሟ የጎደፈው በሰው ፊት ነው፤ በጆሮዋ ቢያንሾካሹክላት ምን ይጠቅማታል?

«የቀረው ድምፅሽን ለመስማት ነበር» አለ ጮክ ብሎ። «ሁላችሁም ስሙ! ቦንቱን ተጠራጥሬ አላውቅም። ቤቴም ሰው የለም፣ ቢሮዬም ሰው የለም። እሷ ስትደውል ብቻ ነው ሰው ያለኝ የሚመስለኝ። ለዚህ ብዬ እናንተን ሥራ አስፈታሁ፣ የእሷን ስም አጎደፍኩ። ነውሩ የኔ ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «እና ይሄ ሁሉ ብርድ የፈጀን ለፍቅር ኖሯል?» ሲል ሳቅ ፈነዳ።

ቦንቱ አልሳቀችም።

«ሞኝ!» አለችው። «ደውለህ ‹እንዴት ዋልሽ› ብትለኝ አልመልስልህም ነበር? ያን ሁሉ ወሬ ለማን ብዬ ነበር የማጠራቅመው?»

«ፈራሁ...»

«እኔስ? ጠላኝ ብዬ አይደል የምሄደው!» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ዙሪያዋን አየች። «በል፣ አሁን አገር ሰምቷል። አባቴ ከመንገድ ሳይሰማ ቶሎ ሽማግሌ ላክ።»

የመሸሻ ፊት በራ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«ማንን ልላክ? እኔ... ሰው የለኝም እኮ።»

ጋሽ ቶለሳ ቆቡን አወለቀ።

«እኛ ምን ሆነን?»

ቦንቱ ከረጢቷን መልሳ ፈታች። በእሑዱ ጋሽ ቶለሳና ሁለት ብረት ሠራተኞች ሲሚንቶውን ከእጃቸው ፈቅፍቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከሸጎሌ በላይ ወዳለው የአባቷ ቤት ወጡ። አባቷ አቶ ሾዴ ደጃፍ አቁመው አዩአቸው።

«የልጁ ወገን እነማን ናችሁ? አባቱ? አጎቱ?»

ጋሽ ቶለሳ አላመነታም።

«አባቱም አጎቱም እኛ ነን።»

ሽማግሌ እንደ ወጉ ተመላልሶ ነው የሚሳካለት፤ እነሱም ተመላለሱ። በሦስተኛው እሑድ አባቷ እሺ ብለው ቦንቱን ሰጡ። መሸሻ ከታች መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ እልልታውን ሰማ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ወገኖቹ ከዳገቱ እየተሳሳቁ ወደ እሱ ይወርዱ ነበር።