የሰው ጌም ያጠፋ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ጭሮ መጥቶ ይጠይቅ። ደግሞ «ሌሊት ብቻውን ሆኖ ፈርቶ ነው» እንዳትሉኝ...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ማክሰኞ፣ ግንቦት 2009። ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ ግማሹ ከተማ ጫቱን ይዞ የተቀመጠበት ሰዓት።

ኢታና እባላለሁ። ከባጃጅ ተራው ጀርባ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ነበረችኝ። መዝሙር እቀዳለሁ። ከገለምሶም ከቦኬም መዘምራን ይመጡልኛል። ግማሾቹ ድምፅ የላቸውም፣ ግማሾቹ ጆሮ የላቸውም። እኔ ነኝ አስተካክዬ አልበም የማደርጋቸው።

የዚያን ቀን ለዘጠኝ ሰዓት መዘምራኑን እነ ፌኔትን ቀጥሬ ነበር። ከእነሱ በፊት ግን አንድ የማይረባ ሥራ መጨረስ ነበረብኝ።

ሥራውን ያመጣችው ዓይናዲስ ናት፣ የይልቃል እህት።

ይልቃልን የእኔ ዕድሜ የጭሮ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፈራችን ውስጥ ጌም ቤት የከፈተው እሱ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሴጋ፣ አንድ ካሴት። የጌሙ ስም በማናውቀው ፊደል ስለተጻፈ «ባለሰይፉ» እንለው ነበር። ዘጠኝ ስቴጅ አለው፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ዘፈን። ዘጠነኛውን የሰማው ይልቃል ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፈው ሕግ ነበር።

«የሰው ጌም ያጠፋ ራሱ ይጨርሰዋል።»

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ገመዱ አደናቀፈኝና የአንዱን ጌም አጠፋሁ። ይልቃል ጆይስቲኩን አስያዘኝ። ሦስተኛው ስቴጅ ላይ ሞትኩ። እንደገና ሞትኩ። እስኪመሽ ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

ያንን ሳቅ አልረሳሁትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይልቃል ከጫት መኪና ላይ ወደቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነው። ዓይኑ ይገለጣል እንጂ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። እኔ «የእጁን ነው ያገኘው» ብያለሁ። አልደብቃችሁም።

ሰኞ ዕለት ዓይናዲስ ሴጋውን በፌስታል ይዛ መጣች።

«ኢታና፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ሳንጎራጉርለት አውራ ጣቱ ይነቃነቃል። ዘጠኙንም በሲዲ አድርግልኝ። ሁሉንም ከሰማ... ምናልባት ይመለስልኛል።»

«ሐኪም ምን አለ፣ እትዬ?»

«ሐኪም ተስፋ ቆርጧል። እኔ ግን ወንድም ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በልቤ ግን ሳቅኩባት። የጌም ጥሩንባ ሽባ ሊያስነሳ!

ማክሰኞ ምሳዬን በልቼ ሴጋውን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። ጌሙ ሲጫወት ኮምፒውተሩ ድምፁን ይቀዳል። ከዚያ ዘፈኑን እየቆረጡ ወደ ኤምፒስሪ መቀየር ነው። ችግሩ አንዱን ስቴጅ ካላለፍክ የሚቀጥለውን ዘፈን አትሰማም።

ሁለቱን ቀዳሁ። ሦስተኛው ላይ ሞትኩ። እንደ ድሮው።

«ማን ያውቅብኛል?» አልኩ። የመጀመሪያውን ዘፈን ወሰድኩና አዘገየሁት። «ዘጠነኛ» ብዬ ስም ሰጠሁት። የቀሩትንም እንዲሁ ልሠራቸው ነበር።

ጆይስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቱም እጆቼ ኮምፒውተሩ ላይ ነበሩ።

በጆሮ ማዳመጫው የሦስተኛው ስቴጅ ዘፈን ጀመረ...

ቀና አልኩ። ስክሪኑ ላይ ባለሰይፉ እየሄደ ነው።

ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብዬ ነቀልኩት።

ባለሰይፉ አልቆመም።

ገደሉ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ዘለለ። እንደዚያ ሁለቴ እያፈገፈገ ሲያዘልለው ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ይልቃል።

ስልኬ ጠራ። ዓይናዲስ ናት። ታንሾካሹካለች።

«ኢታና... ጣቶቹ እየሄዱ ነው።»

«የትኞቹ?»

«ሁለቱም አውራ ጣቶቹ። ጆይስቲክ እንደያዘ...»

«እያንጎራጎሩለት ነው?»

«ኧረ ዝም ብያለሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። አንተ ጋ ምን አለ?»

«ምንም» አልኩ።

አራተኛ... አምስተኛ... ስድስተኛ...

ስልኩን አልዘጋችውም። ትንፋሿን እሰማለሁ።

ሰባተኛ... ስምንተኛ...

«ላብ አጥምቆታል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ኢታና፣ የምትሠራውን ነገር አታቋርጠው። በእመብርሃን ይዤሃለሁ።»

ዘጠነኛው ስቴጅ ተከፈተ። ያንን ዘፈን ሰምቼው አላውቅም። ቀስ ያለ ነው... ከሩቅ ወደ ቤቱ የሚመጣ ሰው እንደሚያንጎራጉረው ዓይነት።

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ።

«ኢታና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል እኮ» አለች ፌኔት። ከኋላዋ መዘምራኑ ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም።

ጌሙ ብቻውን ይጫወታል። እኔ ፊቱ ተቀምጬ እንቀጠቀጣለሁ። እንዲህ ሆኜ ሊያዩኝ ነው... እንደገና ሊሳቅብኝ ነው። በዚያው በይልቃል ጌም።

በስልኩ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። የዛገ፣ የተጎተተ።

«ዓይ...»

«ስሜን እየጠራ ነው» አለች እያለቀሰች። «ኢታና፣ ስሜን...»

የሴጋውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ስልኩ ውስጥ ፀጥታ ሆነ... ከዚያ እሪታዋ መጣ።

በሩን ከፈትኩ። ፌኔት ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?»

«ምንም። ግቡ።»

መዝሙሩን ቀዳሁላቸው። ማንም አልሳቀም።

ማታ ኮምፒውተሩን ሳየው ከሦስተኛው ጀምሮ የቀዳው ዝምታ ብቻ ነበር። ስለዚህ የቀሩትን በሐሰት ሠርቼ ዘጠኝ ሞላሁ። በይልቃል ሠልስት ሲዲውን ለቅሶ ቤት ወሰድኩላት። የተቀበለውን ሥራ አስረክቧል እንድትል።

በሳምንቱ ሄድኩ። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዘጠነኛው የመጀመሪያው ነው» አለችኝ። «አዘግይተኸው ነው እንጂ።»

የሴጋውን ፌስታል ከብብቴ አወጣሁ።

«በስልኩ ሰምቼሃለሁ፣ ኢታና። ሲንኳኳም፣ ስትነቅለውም። የስሜን ግማሽ ብሎ ሄደ። ግማሹ አንተ ጋ ቀረ።»

ሴጋውን ልመልስላት ብል እጇን አልዘረጋችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል አውራ ጣቶቼ ራሳቸው ይጀምራሉ። ሁለቴ ወደ ኋላ... አንዴ ወደ ላይ...

ሦስተኛው ላይ እሞታለሁ። ድሮም አልችልበትም። በሞትኩ ቁጥር አንዱ የሰውነቴ ክፍል ሽባ ይሆናል። መጀመሪያ የእግሬ ጣቶች። ከዚያ እግሮቼ። ለመስቀል ሰሞን ወገቤ። የሐኪሞቹ ነገርማ አይነሳ፣ ስም እንኳ ሊያወጡለት አልቻሉም።

ትናንት ድምፄ ሄደ።

«ታዲያ እንዴት ጻፍከው?» የምትሉ ብልጦች አላችሁ። ስልኩን የምታስታምመኝ ፌኔት መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። በአውራ ጣቶቼ ነው የምጽፈው። የቀሩኝ እነሱ ናቸው።

ሴጋው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ገመዱን ፌኔት በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች።

አሁን ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ነው።

በቁም ሳጥኑ ስንጥቅ የሴጋው ቀይ መብራት በራ...