ለናትናኤል የመረጥኩለት መቆጣጠሪያ

ናትናኤልን ባሕር ላይ ሊገድለው የሚችለውን ዕቃ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ተሳስቼ አይደለም። እያወቅኩ ነው።

ዱባይ የመጣሁት በእገዳው ጊዜ ነው። ለቤት ሠራተኝነት በሕጋዊ ኤጀንሲ መውጣት ስለተከለከለ ደላላው የጉብኝት ቪዛ አወጣልኝ። አዳማ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ አል ማምዛር ውስጥ የአንዲት ማዳም ምንጣፍ አጣቢ ሆንኩ። በአራተኛው ወር ጠፋሁ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ።

ሮማን የምትባል የሰፈሬ ልጅ አጅማን ወደብ ላይ ጀልባ ታጸዳ ነበር። አል ናህዳ ከሌሎች ጋር በአልጋ የተከራየችበት ቢድ ስፔስ ስለሞላ የአንድ ሆላንዳዊ ባለ ሸራ ጀልባ ቁልፍ ሰጠችኝ።

«ባለቤቱ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቀን ቀን አጽጂ፤ ሲመሽ መብራት እንዳታበሪ» አለችኝ።

መብራት አላበራሁም። ማራገቢያውን ግን... በሐምሌ ሙቀት እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ማራገቢያ መተኛት አይሞከርም። ሲዞር ያድራል። የሚበላው ከጀልባው ባትሪ ነው።

ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። የጥበቃው የሰዒድ ጫማ ይጎተታል፤ እሱን ለይቼዋለሁ። አንድ ዓርብ ጠዋት ግን የማላውቀው ኮቴ መጣ። የዕቃ ሣጥን የያዘ ረጅም ልጅ ከደረጃው ላይ ቆሞ ቁልቁል አየኝ። በእጄ የጥርስ ብሩሽ ይዣለሁ።

«ሐበሻ ነሽ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጽዳት ነኝ!»

«በጥርስ ብሩሽ ነው የምታጸጂው?»

«ጠባብ ቦታ አለ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ብሩሹን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ናትናኤል ሻርጃ ውስጥ ያለ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሱቅ ቴክኒሻን ነው። ባለቤቱ ባትሪዎቹ ቶሎ ቶሎ እያለቁ ስላስቸገሩት፣ ሶላር ፓነልና የባትሪ መቆጣጠሪያ እንዲመረጥለት አዟል። የጨረስኳቸው እኔ እንደሆንኩ ወዲያው ገባኝ።

የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እሱ ግን አራት ዓርብ ተመላለሰበት። ምን ፈልጎ እንደሆነ አልጠፋኝም።

«ፓነሉን እዚህ አልሰቅለውም እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን ጣሪያውን እየለካ።

«አይሆንም። ከሰዓት በኋላ የሸራው ምሰሶ ጥላ ይጥልበታል። ግማሹ ከተሸፈነ ምን ሊሰጥህ ነው? ወደ ኋላ ውሰደው።»

ሜትሩን ዝቅ አደረገ። «ጽዳት ነኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ዲግሪ ያላት ጽዳት ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሳያማክረኝ ብሎን አያጠብቅም። በአራተኛው ዓርብ ስልኩ ላይ ሁለት ዕቃ አሳየኝ።

«ይኼኛው ቮልቴጅ ብቻ ያሳያል። ይኼኛው ደግሞ የገባውንም የወጣውንም ኃይል እየደመረ ይመዘግባል፤ ባለቤቱ በስልኩ ያየዋል። የቱን ልዘዝ?»

ሁለተኛው ከተገጠመ፣ ማንም በሌለበት ጀልባ ውስጥ ከምሽት እስከ ንጋት ኃይል የሚበላ ነገር እንዳለ ይናገራል። ከዚያ ሰው ይመጣል።

«የመጀመሪያውን። ለቆመ ጀልባ ይበቃል።»

«አንቺ ካልሽ ኸላስ፣ አለቀ» አለ። አንድ ጥያቄ እንኳን አልጨመረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እየሮጠ መጣ።

«ሀዊ! ዛሬ ማታ ወደ ሙስካት እንሄዳለን! ባለቤቱ ረዳቴ ሁን አለኝ። ስመለስ ደግሞ... ቤተሰቦችሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልጠላሽኝ።»

ደስታው ሳይደርሰኝ ፍርሃቱ ቀደመ። እነዚያ ባትሪዎች እስከ መጨረሻው እያለቁ ሲሞሉ፣ እያለቁ ሲሞሉ ወራት ቆይተዋል። አርጅተዋል። ፀሐይ ስትወጣ ቮልቴጃቸው ከፍ ስለሚል መቆጣጠሪያው ሙሉ ናቸው ይላል። ሲጨልም ግን ሦስት ሰዓት አይቆዩም። መሪው፣ መብራቱ፣ ሬዲዮው ባንዴ ይሞታል። የነዳጅ መርከቦች በሚተላለፉበት ባሕር መካከል!

«አትሂድ» አልኩት።

«ገና ሳልሄድ ናፈቅኩሽ?»

«ናቲ፣ ስማኝ። ባትሪው ውሸቱን ነው።»

«ሙሉ ነው፣ ይኸው እይው!»

«ሙሉ አይደለም። እኔ ነኝ የጨረስኩት። የምኖረው እዚህ ነው። ወረቀት የለኝም። እንዳልጋለጥ ብዬ ነው ያንን የመረጥኩልህ።»

ሣጥኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ሁሉንም ሰው።»

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «የሚሄደው እኔ ባልሆንስ? ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ትይ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር።

«አላውቅም» አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር። «ሰውዬው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። የማድረው እኔ ነኝ እለዋለሁ። አንቺ ውጪ።»

«ከሹግልህ፣ ከሥራህ ትባረራለህ። ቪዛህም አብሮ ይሄዳል።»

«ይሂድ!»

«አይሄድም! የሠራሁትን ራሴ እናገራለሁ።»

ሆላንዳዊው የምግብ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገርኩት።

«ካላመኑኝ ይሞከር» አልኩ።

ናትናኤል ፓነሉን ነቅሎ ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ መሪውን አንድ ላይ አስነሳ። ሦስታችንም ቁጥሩን አየን። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት የነበረው በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አንድ ተኩል በታች ወረደ። አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ።

ሰውዬው ስልኩን አወጣ። ፖሊስ ነው ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። የደወለው ግን ሙስካት ነው። «አንመጣም» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እስከ ቀትር ከጀልባዬ ውረጂ።»

«እሺ።»

ደረጃው ላይ ቆም አለ። «የትኛውን መቆጣጠሪያ ልግዛ?»

«የገባውንም የወጣውንም የሚመዘግበውን። ባትሪዎቹንም ይቀይሯቸው።»

ጽፎ ያዘና ወጣ።

ልብሴን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ስከት ናትናኤል ቆሞ ያየኛል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቆንስላ። ሊሴ ፓሴ፣ የመመለሻ ወረቀት አውጥቼ አገሬ እገባለሁ።»

«ቢያስሩሽስ?»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ።» ከረጢቱን ቋጠርኩት። «ቢሆንም እሄዳለሁ።»

«ቅድም 'አላውቅም' ያልሽኝ...»

«እንድዋሽህ ነበር የፈለግከው?»

«ያኔ አዎ። አሁን አይደለም።» ጠጋ አለኝ። «ኮንትራቴ መጋቢት ላይ ያልቃል። አዳማ እመጣለሁ።»

«ተቆጥተሃል እኮ።»

«በጣም! ግን እመጣለሁ። ቆንስላም አብሬሽ ነው የምሄደው።»

«እሺ።»

«እሺ ምኑን? ቆንስላውን ነው ጋብቻውን?»

«ሁለቱንም! ያላ፣ እንሂድ፣ ሰውዬው ሳይመለስ!»

ከረጢቴን አንስቶ ደረጃውን ቀደመኝ። እኔም ተከትዬው ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።