ለሂሩት የተጀመረው ስቲክ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የምወድ ሰው አይደለሁም። ሰው "ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ" ሲለኝ "እንቅልፍ አንሶህ ነው" ብዬ የማልፍ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ስንቱን ሰካራም፣ ስንቱን ነቢይ ነኝ ባይ ከኤርፖርት ጭኜ ሳንታ ሞኒካ ያወረድኩ፣ አንድም ቀን ፀጉሬ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነኝ። ሶ፣ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ደረጀም ለቀቀ" ብትሉ አልፈርድባችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ግን ብቻዬን አልነበርኩም፣ ጎረቤቴ እትዬ የሺም በጆሯቸው ሰምተዋል፣ እሳቸው ደግሞ መዋሸት ይቅርና የሰው ቀልድ እንኳ የማይደግሙ የጸሎት ሰው ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሼ መንገሻ ነው። ጋሼ መንገሻ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ መኪና በምታስገባ ጋራዥ ውስጥ የፑል ስቲክ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። የፑል ስቲክ ስላችሁ ያ ፑል ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረደረውን፣ ጫፉ የተላጠ ጠማማ እንጨት እንዳታስቡ። የጋሼን ስቲክ ሰው ቁመቱንና የክንዱን ርዝመት አስለክቶ፣ ዓመት ጠብቆ ነው የሚወስደው። እጀታው ዞጲ የሚባል ጥቁር እንጨት፣ ከሱ በላይ ያለው ሜፕል የሚባል ነጭ እንጨት፣ ከጥቁሩ ወደ ነጩ እየሾሉ የሚወጡ አራት ቀጫጭን ስለቶች አሉት፣ እሳቸው "ጦሮቹ" ይሏቸዋል፣ በየጦሩ ዳር ደግሞ ክር የምታህል የወይራ እንጨት ተለብጣለች። ያ ወይራ ከሀገር የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ ሰፈር የመንገድ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ሠራተኞቹን ለምነው የወሰዱት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን ብታሳልፉበት አንዱ እንጨት የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አታውቁም።

እኔ ያወቅኳቸው በታክሲዬ እያመላለስኳቸው ነው። ሰዉ ስልኩን እየነካ መኪና መጥራት ሲጀምር የኛ ሥራ ቀዘቀዘ፣ እኔም ቆሜ ከመዋል ብዬ ጋራዣቸው መቀመጥ ጀመርኩ፣ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቀጥሎ ማጣበቅ፣ በኋላ ቶርኖው ላይ አስቆሙኝ። ቶርኖ ማለት ያው እንጨቱን አጥብቆ ይዞ በሞተር የሚያሽከረክር፣ ቢላው ደግሞ በእጅ እየተገፋ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ እየሄደ የሚልጥ ማሽን ነው። ጋሼ እንጨቱን አንድ ጊዜ ልጠው በገመድ ጣሪያው ላይ ይሰቅሉትና ለወራት አይነኩትም። "ይቆጣል፣ ሲቆጣ ይጣመማል" ይሉኛል። "ትንሽ ቆርጠህ ተወው፣ ይብረድለት፣ ከዚያ ትመለስበታለህ።"

ለእንጨት እንዲህ የሚታገሡት ሰው ግን ለገዛ ልጃቸው አልታገሡም። ሂሩት አንድ ልጃቸው ናት፣ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ፑል ስትጫወት ደግሞ ወንዶቹ ጨዋታቸውን አቁመው ነው የሚያዩዋት። እሳቸው ለሰው ልጅ ሁሉ ስቲክ እየሠሩ የራሳቸውን ልጅ "ሴት ልጅ ፑል ቤት ምን ትሠራለች?" ብለው ተጣሏት፣ እሷም ኮራች፣ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ታመው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙና "ከበሩ በስተግራ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አለ፣ ጨርስልኝ" አሉኝ።

"የማን ነው ጋሼ?"

"ስትፈታው ታየዋለህ። እንዳትቸኩል።"

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ጨርቁን ስፈታው ካየኋቸው ስቲኮች ሁሉ የሚያምረው፣ ጦሮቹ ተለብጠው የመጨረሻው ልጠት ብቻ የቀረው ነበር፣ እንጨቱ ላይ በእርሳስ "ለሂሩት" ይላል። እኔ ደግሞ ያቺን የመጨረሻ ልጠት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ያበላሸሁ ሰው ነኝ። ፀጉር ታህል ከተሳሳታችሁ አንዱ ጦር ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይቀራል፣ መሃል ላይ ካቆማችሁ ደግሞ ዙሪያውን ቀለበት የሚመስል ጠባሳ ይወጣበታል፣ የተላጠ እንጨት ደግሞ አይመለስም። ፈራሁ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አርባቸው ደረሰ። ሂሩት ለአርባው እመጣለሁ፣ በማግስቱ ለውድድር ላስ ቬጋስ እሄዳለሁ አለች። ሶ፣ በአርባው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ፣ አማትቤ ገባሁ።

ዝናብ ነበር። የሎስ አንጀለስን ሰው ታውቁታላችሁ፣ አምስት ጠብታ ሲወርድ ነድቶ የማያውቅ ይመስል መንገዱ ሁሉ ይተራመሳል። ለብርሃን ብዬ በሩን በሰፊው ከፈትኩት፣ ራዲዮ ከፈትኩ፣ አቧራው እንዳያፍነኝ ቬንትሌተሩን አስነሳሁ፣ እንጨቱን ቶርኖው ላይ አሰርኩና ጀመርኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ቬንትሌተሩ ቆመ። "እሰይ፣ ከነጭራሹ አቧራውን እያበነነብኝ ነበር" አልኩ በልቤ። ከዚያ ራዲዮው ዝም ማለቱን ልብ አልኩ፣ ያው አሮጌ ነው፣ ሁሌም ይለግማል። ቀጥሎ ከራሴ በላይ ያለው አምፖል መጥፋቱን አየሁ፣ ተቃጠለ ብዬ አለፍኩት፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ይበቃኝ ነበር። አሁን ስነግራችሁ ሞኝ ልመስላችሁ እችላለሁ፣ እመኑኝ ግን ዓይኔ ከቢላው ጫፍ አልተነቀለም፣ ቶርኖው እንደሆነ እየዞረ ነው፣ ቢላው እየሄደ ነው፣ ሌላው ምን አገባኝ?

ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የተለየው። ሁልጊዜ ሲልጥ ያንቋርራል፣ ያን ቀን ግን ቀጠነ፣ ቀጠነና ማፏጨት ጀመረ፣ ሰው ሥራ ሲቀናው ከንፈሩን ሰብስቦ እንደሚያፏጨው። ከእንጨቱ የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ዱቄት መበተኑን ትቶ እንደ ሕፃን ፀጉር እየተጠቀለለ መውረድ ጀመረ። እንዲህ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት እንጨቶች ተንኳኩ። ቋ። ንፋስ ነው አልኩ። ቋ፣ ቋ። በሩ አጠገብ ያሉት ተንኳኩ፣ ቀጥለው መሃል ያሉት፣ ቀጥለው ወደኔ የቀረቡት፣ በተራ በተራ፣ ረጅም ሰው ከበታቻቸው ሲያልፍ በትከሻው እየነካካቸው እንደሚሄድ። ጋሼ መንገሻ ረጅም ሰው ነበሩ። መጨረሻ ላይ ከጀርባዬ ያለው ተንኳኳ። አልዞርኩም፣ ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፣ ብዞር እጄ ይስታል፣ እጄ ከሳተ ደግሞ ያ ስቲክ አለቀለት። "እየሠራሁ ነው፣ አልቸኮልኩም" አልኩ ጮክ ብዬ። ለማን እንደተናገርኩ አትጠይቁኝ።

ቢላው ዳር ደረሰ። ማጥፊያውን ልጫን እጄን ስዘረጋ፣ ሳልነካው፣ ቶርኖው ቀስ ብሎ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አራቱ ጦሮች እኩል ናቸው። ቀና ብዬ ሳልጨርስ ነው እትዬ የሺ በሩ ላይ የደረሱት። እትዬ የሺ ጎን ለጎን ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ናቸው፣ ግድግዳ እንጋራለን፣ ትከሻቸው ላይ ረጅም የመብራት ገመድ ጠቅልለው፣ በእጃቸው የፀጉር ማድረቂያ ይዘዋል።

"አንተ ልጅ፣ ተመስገን አንተ ጋ አለ!" አሉኝ።

"ምኑ እትዬ?"

"መብራቱ ነዋ! እኛ ጋ ከጠፋ ግማሽ ሰዓት አለፈው፣ ነገ የምታገባ ልጅ ፀጉሯን አጥቤ አስቀምጫታለሁ፣ ማሽንህ ሲጮህ በግድግዳው ስሰማ ነው የሮጥኩት። አንድ ሶኬት ስጠኝ።"

ሰካሁላቸው። ማድረቂያው አልነሳም። ሌላ ሶኬት ሞከርን፣ የለም። አምፖሉን፣ የለም። የቶርኖውን ማስነሻ ተጫንኩት፣ ጠቅ አለ፣ ዝም።

እትዬ የሺ እኔን አዩ፣ ማሽኑን አዩ። "ታዲያ አሁን ሲጮህ የነበረው ምንድን ነው?"

እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ሩብ ሰዓት ከዞረ እንኳ እጅ የማያስነካ ሞተር ነው፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እሳቸውም ነኩት። ወዲያው "በኢየሱስ ስም!" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ፣ እኔም ኦርቶዶክስነቴን ረስቼ በየመሃሉ "አሜን" አልኩ። ሲጨርሱ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው ስቲኩን አዩትና፣ "ሥራው ግን እንዴት ያምራል" አሉ ቀስ ብለው።

በኋላ ያከራየን ሰውዬ፣ አንድ መኪና የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ሰፈሩ ሁሉ እስከ ማታ መብራት እንዳልነበረው ነገረኝ። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጓደኛዬን ጠየቅኩት፣ "መብራት ሲሄድ ማሽን በፍጥነቱ ትንሽ ይዞራል እኮ" አለኝ።

"ግማሽ ሰዓት?"

"አይ፣ ግማሽ ደቂቃ" አለና ወሬ ቀየረ።

እሁድ ከአርባው በኋላ ሂሩትን ጋራዡ ወሰድኳት። ሌሊቱን ወልውዬ፣ የጫፉን ቆዳ ለጥፌ ጨርሼዋለሁ፣ መጠቅለያው ግን ያው ነጭ ጨርቅ ነው። ፈታችው፣ ቀጥ ማለቱን ለማየት ጠረጴዛው ላይ አንከባለለችው፣ እንደ ውሃ ሄደ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለመምታት እንደምትዘጋጅ ያዘችው፣ ያኔ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ደሬ፣ ይሄ ከኖርማሉ ሁለት ጣት ያጥራል።"

"እሳቸው ናቸው ያሳጠሩት። እኔ ርዝመቱን አልነካሁም።"

"እኔ እኮ ሁልጊዜ ከኋላ ጫፉ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ገብቼ ነው የምይዘው፣ ማንም አያውቅም፣ ካላየኝ በስተቀር ማንም..." አለችና አቆመች። "መጥቶ ነበር?"

እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፣ ግን መሐላውም ከሳቸው ጋር አርፏል ብዬ ነገርኳት። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ዓመት አንድ ማክሰኞ ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው፣ የምትጫወትበት ቤት ከኋላ፣ ከመጠጥ ማሽኑ አጠገብ ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ሰዓት ቆመው አዩዋት። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገሩት። "ትችላለች" አሉ።

ሂሩት ስቲኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አለቀሰች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሳቀች፣ "አንድ ሰዓት ሙሉ? ቆሞ? ወገቡን እያመመው?" እያለች። እኔ የቅዳሜውን አልነገርኳትም። ልጅቷ አባቷን ያገኘችው ያን ቀን ነው፣ በምን አፌ "ደግሞ..." ልበላት?

ላስ ቬጋስ ላይ አላሸነፈችም፣ ሦስተኛ ዙር ላይ ወጣች፣ ግን ስትመለስ መጀመሪያ የመጣችው ጋራዡ ነው፣ "አስተምረኝ" አለችኝ። አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው አብረን ስንሠራ፣ እኔ ታክሲውን ትቻለሁ፣ ከዌስትውድ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሳይቀሩ እየመጡ ክንዳቸውን ያስለካሉ፣ ሂሩት ደግሞ ጦሮቹ ዳር የምትለብጠው የራሷ የቀለም አመራረጥ አላት፣ ጋሼ ቢያዩት መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፣ ቀጥለው ይወዱት ነበር።

ይህን ሁሉ እንድነግራችሁ ያደረገኝ ግን ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሂሩት የመጨረሻውን ልጠት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ልትሞክር ቶርኖው ላይ ቆማለች፣ መብራቱም አለ፣ ፀሐይም አለ፣ እኔ እንዳላስጨንቃት ብዬ ከክፍሉ ሌላ ዳር፣ በሩ ጋ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት እንጨት እለያለሁ። ስትጀምር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ ከዚያ ግን ተስተካከለ፣ ለስልሶ ሄደ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይታ፣ ዓይኗን ከቢላው ሳትነቅል፣ እየሳቀች፣

"እሺ እሺ፣ ገብቶኛል፣ አሁን እጄን ልቀቀኝ፣ ብቻዬን እችላለሁ" አለችኝ።

ዞሬ አየኋት። በእኔና በእሷ መካከል ስምንት እርምጃ አለ።

ምን ልበላት? "እሺ" አልኳት፣ ወደ እንጨቴ ተመለስኩ።