ሦስት ጊዜ የተመለሰው ፉርጎ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ የቆማችሁም አረፍ በሉ። የማወራችሁ ስለ ፍቅር ነው፤ ግን ቀድሞ የሚመጣው ንዴቱ ነው። ንዴቱን ከታገሣችሁልኝ ፍቅሩ ይከተላል።

እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኋላሸት የሚባል በርና መስኮት ሠሪ አናጢ አለ። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። አባቱ ጋሽ አካለ ወልድ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ወርደው ምድር ባቡር ተቀጠሩና ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የመንገደኛ ፉርጎ ሲቀቡ ኖሩ። በዚያን ሰሞን ግን እግራቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ልባቸውም ደክሟል። ሐኪሙ የኋላሸትን ለብቻው ጠርቶ «የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ነው» ብሎታል።

እናም ባቡር ደርሶበት በማያውቅ ከተማ ተቀምጦ፣ የኋላሸት ከበር ትርፍራፊ እንጨት ሦስት ትንንሽ ፉርጎዎች ሠራ። እያንዳንዱ ክንድ ያህላል፤ ጎማው ይሽከረከራል። አባቱ እንደነገሩት ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ክሬም ቀባቸው። ጡረታ የወጡ መምህራን ያቋቋሙት የድሮ ፎቶ ማሳያ ቤት ስለ ጥንት መጓጓዣ ዐውደ ርእይ ሊከፍት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የኋላሸት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቱ ሥራ፣ አባቱ በሕይወት እያሉ፣ ሰው ፊት ቆሞ እንዲታይ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

እስከዳርን እስኪያይ ድረስ ማለቴ ነው!

እስከዳር የፎቶ ቤቱ ኃላፊ ናት። የሚመጣውን ሞዴል ሁሉ ከድሮ ፎቶ ጋር አስተያይታ የምታስገባውም የምትመልሰውም እሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን የኋላሸት ሳጥኑን ተሸክሞ ሲገባ ደፉ አደናቀፈው። ሮጣ ሳጥኑን ያዘችለት።

«ቀስ! እርስዎ ቢወድቁ ይነሳሉ፤ ፉርጎው ነው የሚሰበረው» አለችው።

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ... ምን ብዬ ልንገራችሁ... የመጣበትን ጉዳይ አስረሳው።

ፉርጎዎቹን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር ግን ሳቋ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ባለ ክፈፍ የቀለም ፎቶ ወሰደችው። ሰባት ሠራተኞች ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ረጅም ፉርጎ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ቡኒ ነው።

«መስኮቱ ልክ ነው። በሩም ልክ ነው። ቀለሙ ግን ይኸው፣ ይመልከቱ።»

«አረንጓዴ ነበር እኮ!»

«ማን አለ?»

«አባቴ። ራሳቸው ናቸው የቀቡት።»

«አምና አንዱ ‹አያቴ ነግሮኛል› ቢለኝ አምኜ ጋሪውን አስገባሁለት። ሰው ሁሉ ሳቀብን። ከዚያ ወዲህ የምፈርደው በፎቶ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፎቶውን ቀረብ ብሎ በደንብ ቢያየው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን ያየው የምትጠቁምበትን ጣቷን ነው።

በሳምንቱ የአባቱን ቃል በወረቀት አስፍሮ፣ አስፈርሞ መጣ። አልሆነም። «ፎቶውን ወስጄ ላሳያቸው» ቢላትም «ከዚህ ቤት አይወጣም» አለችው። ግን ሻይ አብረው ጠጡ፤ «እርስዎ» መባባሉም ቀረ። ሲወጣ ልቡ ሞቆ፣ ሳጥኑ እጁ ላይ ከብዶ ነበር። ማታ ማታ አባቱ ይጠይቁታል።

«ገባ?»

«ገና እያዩት ነው፣ አባባ።»

«ምኑን ነው ይህን ያህል የሚያዩት? ተሳፍረው ሊሄዱበት ነው?»

ሦስተኛ የመጣበት ቀን ሐሙስ ነው፤ ዐውደ ርእዩ ቅዳሜ ይከፈታል። እስከዳር ፊቷ ደክሟል፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ቡኒ ቀባውና ቅዳሜ ይግባ፣ የኋላሸት። እለምንሃለሁ።»

«ለአባቴ ምን ልበላቸው? ‹ሃያ ሰባት ዓመት የቀቡትን አያውቁትም› ልበላቸው?»

«እኔስ ፎቶውን ምን ልበለው?»

የኋላሸት ጮኸባት። «አንቺ የምታምኚው ወረቀት ነው! ሰው አታምኝም! የሚያገባሽ ብታጪ አይገርመኝም!»

እስከዳር ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ሳጥኑ ውስጥ አስተካክላ አስቀመጠችለት። ጩኻ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የፎቶ ቤቱ ጥበቃ እትዬ የብርጓል በሩ ላይ ያዙት።

«አንተ! ልጅቷን ምን ብለሃት ነው?»

«ይተዉኝ እስቲ እትዬ፤ እኔ ነኝ የተበደልሁት።»

«ተበደልሁ ይላል ደግሞ! ትናንትና ከትናንት ወዲያ አማኑኤል ከተማ ድረስ የተመላለሰችው ለማን መሰለህ? የምድር ባቡር ጡረተኛ አለ ብለዋት ሌላ ፎቶ ፍለጋ ነው! ሰውየው ሞቶ ቆያት፤ ልጆቹም ፎቶ የላቸውም። ያንተን ፉርጎ ለማስገባት ነው የተንከራተተችው፣ አንተ ግንዲላ!»

ዞር ቢል የእስከዳር ክፍል በር ተዘግቷል። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ምን ብሎ? እጁን መለሰው። ያን ቀን በራሱ የተናደደውን ያህል በሰው ተናድዶ አያውቅም።

አርብ ከሰዓት በኋላ የቤታቸው በር ተንኳኳ። እስከዳር ናት፤ ትልቅ ፖስታ ደረቷ ላይ ይዛለች።

«አንተን ብዬ አይደለም የመጣሁ። አባትህን ነው።»

«ፎቶውን ነው? ከዚያ ቤት አይወጣም አላልሽም?»

«አይወጣም። ከክፈፉ አውልቄ ነው ያመጣሁት። ታስገባኛለህ ወይስ ልመለስ?»

ጋሽ አካለ ወልድ በብርሃን ካላየሁ ስላሉ፣ ሁለቱ ደግፈው በረንዳው ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጧቸው። ፎቶውን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አይ ልጄ! ይኼ እኮ አንቲረስት ነው! ብረቱ እንዳይዝግ ከዋናው ቀለም በፊት የምንቀባው። አለቃው መጣና ‹ተሰለፉ› አለን፤ ገና አልጨረስነውም ነበር። እስቲ ቁጥሩ የታለ? ቁጥር ሳይጻፍበት ከግቢ የሚወጣ ፉርጎ አለ?»

እስከዳር አፏን በእጇ ያዘች። «መስኮቱን ቆጥሬዋለሁ... ብሎኑን ሳይቀር ቆጥሬዋለሁ... ቁጥር እንደሌለው እንዴት አላየሁም?»

«ያለቀውስ ይኸውልሽ» አሉና በጥፍራቸው የፎቶውን ጠርዝ ነኩ። ክፈፉ ሸፍኖት የኖረው ጠርዝ ላይ፣ ጣት በማታህል ቦታ፣ የሌላ ፉርጎ ጫፍ ይታያል። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ክሬም!

«አላልሁሽም?» ብሎ የኋላሸት ብድግ አለ።

«አንተ ቁጭ በል። እስቲ ያንተን አምጣው፤ በአምፖል እንጂ በፀሐይ አላየሁትም» አሉት አባቱ። አመጣው። ከፎቶው ጎን አደረጉትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይኼ ምንድን ነው? የኪዮስክ በር አስመሰልኸው እኮ! የእኛ ጠቆር ያለ ነው፤ እየው! እሷ ያልተቀባውን ይዛ፣ አንተ ሌላ ቀብተህ፣ ሦስት ሳምንት ስትጨቃጨቁ ከረማችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እስከዳር ናት።

«ትናንት የተናገርሁት...» አለ የኋላሸት።

«ሰምቼዋለሁ።»

«ውሸት ነው። የሚያገባሽ ሰው አለ።»

«ማን ነው እሱ?»

«አናጢ ነው... ቀለም የማይሆንለት።»

«አናጢው ሲናደድ አፉ ክፉ ነው።»

«ይታረማል።»

«ምን ትላለህ ልጄ? ምን ትያለሽ ልጄ?» አሉ አዛውንቱ። «ቶሎ ተነጋገሩ እንጂ፤ እኔ ሰፊ ጊዜ የለኝም!»

«እሺ ብያለሁ፣ አባባ» አለች እስከዳር። መልሱን የሰጠችው ለእሳቸው ነው፤ እጇን የሰጠችው ግን ለየኋላሸት።

ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ በረንዳው ላይ ቀለም ቀየጡ። «ጥቁር ጨምር... በዛ! በቃ... ይኼ ነው!» እያሉ ያዘዙት አባቱ ናቸው። ቅዳሜ ፉርጎዎቹ ገቡ። ጋሽ አካለ ወልድንም በወንበር ተሸክመው አመጧቸው፤ እሳቸውም የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆሙ ስለ ቀለም ሲያስረዱ ዋሉ። እስከዳር ፎቶው ሥር ‹ቀለሙ ያላለቀ› ብላ በእጇ ጻፈች፤ ስህተቷ እንደሆነም ለጠየቃት ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። አባትየው መርቀዋቸው፣ ክረምቱ ሲገባ በሰላም ዐረፉ።

ልጆቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የምትወዱት ሰው ክፉ ተናግሯችሁ ልባችሁ ሲዘጋ፣ ቅያሜዋ ገና ሳይወጣላት፣ በማግስቱ ሄዳ በሩን ያንኳኳችውን ያችን ሴት አስታውሱልኝ።