የተቆጠረው ትንፋሽ

ብልባላ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ነጭ ሚኒባስ ደጃፏ ላይ የምትቆምባት አንዲት ቤት አለች። አባወራው ሾፌሩ ዘውገ ነው፤ ባለቤቱ እታገኘሁ ትባል ነበር። እነዚህ ባልና ሚስት ተጣሉ ሲባል የሰማ የለም። እንዲያውም እታገኘሁ ባሏን «አንቱ» እያለች ነበር የምታናግረው፤ ጎረቤቱም «ባል ማክበር እንዲህ ነው እንጂ» እያለ ሴት ልጆቹን ይመክርባት ነበር። ወይ ጎረቤት! ይህችው ሴት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባሏን «አንተ» ትለው፣ እንደ እኩያዋም ትቀልድበት እንደነበር ማን አስታወሰ? ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየተከባበሩ ሲለያዩስ ማን ልብ ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሿ ልጃቸው ማርያማዊት ሦስት ዓመቷ ሳለ ጽኑ ትኩሳት ያዛት። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የላሊበላ ገበያ ነው። እታገኘሁ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከባሏ መቀመጫ ኋላ ተቀመጠች። ዘውገ ወደ ሐኪም ቤት መብረር ሲገባው፣ እጁን የዘረጋ ገበያተኛ ባየ ቁጥር ልማድ አሸነፈውና ሦስት ጊዜ ቆመ። ባቆመ ቁጥር «እንዴት ናት?» ይላል። እናትም «እንቅልፍ ወስዷታል፤ ደረቴ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኛል» ትላለች። ላሊበላ ሲደርሱ ግን ሕፃኗ ካረፈች ቆይታ ነበር... ለቅሶው ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ፣ ዘውገ ሐዘን አስክሮት ወደ ሚስቱ ዞረና «አቅፈሻት ሳለ እንዴት አላወቅሽም?» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ባሏ ለእታገኘሁ «አንቱ» ሆነ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘውገ ጥፋቱን ከእሷ ቀድሞ ያውቃል፤ ሦስት ጊዜ ፍሬን የረገጠው የማን እግር ሆነና! ግን ወንድ ልጅ፣ ያውም የላስታ ወንድ፣ በአደባባይ የተናገረውን እንዴት ብሎ ጓዳ ውስጥ ይመልሰዋል? ዓቢይ ጾም ሲገባ ይቅር በይኝ እላታለሁ ይላል፤ ጾሙ ገብቶ ይወጣል። ሁዳዴው አሥራ ሁለት ጊዜ አለፈ። በመካከሉ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ፤ ሚኒባሷም ሁለት ክረምት ሙሉ ጓሮ ቆማ ዶሮ ፈለፈለባት። መንገዱ ተከፍቶ ቤቱ ቀና ሊል ሲል ደግሞ እታገኘሁ ዳገት ያቅታት፣ እግሯ ያብጥ፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። እኔ ግን አንዳንዴ ልብ የሚታመመው በምን እንደሆነ ሐኪሞቹን መጠየቅ ያምረኛል።

ትልቋ ልጃቸው ንጋት፣ ማርያማዊት ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተቀምጣ ነበር። የአባቷ ጥያቄ እናቷን ዝም ሲያሰኝ እሷን ግን አላስተኛትም። እውነት፣ ሰው ያቀፈውን ሰው መሞት እንዴት አያውቅም? ልጅቷ ይህን ጥያቄ ይዛ አደገች፤ ይዛው ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራም የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ይዛ ተመለሰች። ያቺን ነገር ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር በላይ፣ ጣሪያው ላይ አጣበቀቻት። ከመሪው አጠገብ ደግሞ ሁለት ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አኖረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት ዘውገ።

«ራዳር ነው፣ አባዬ። ሰውም አይነካ፣ ፎቶም አያነሣ። ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የሰው ደረት ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ልብም ስትመታ ቆዳውን ነቅነቅ ስታደርገው፣ የሚመለሰው ሞገድ ይለወጣል። እሱን ነው የሚቆጥረው።»

«ጋቢ ከለበሰስ?»

«ጋቢ አይከለክለውም።»

«የተኛ ሰውስ?»

«የተኛማ ይመቸዋል፤ ስለማይንቀሳቀስ።»

ዘውገ የተኛ ሰው ሲባል ልጁ ለምን ይህን እንደሠራች ገባው። መስተዋቱን መወልወል ጀመረ።

ለጥቂት ሳምንት ያቺ ሚኒባስ የአገር መደነቂያ ሆነች። ዘውገ ራሱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና የትንፋሹ ቁጥር ዜሮ ሲል እንደ ሕፃን ይስቃል። አንድ ቅዳሜ አንድ ገበሬ ሙክቱን ጭኑ ላይ ቢያስቀምጥ መሣሪያዋ የሙክቱን ልብ ቆጥራ አረፈችው፤ «ለበዓል መድረሱን አይቶለት ነው» ብለው ተሳፋሪዎቹ አላገጡ። ከሙጃ አገር የመጡ አንዲት አሮጊት ደግሞ «ልጄ፣ ኃጢአትም ይቆጥራል?» ብለው ጠየቁ። አይቆጥርም ሲባሉ ተደላድለው ተቀመጡ። እታገኘሁም ጉዳዩን በሩቅ ትከታተል ነበር። አንድ ቀን ሌላ ሰው የማያያት ሲመስላት ገብታ ተቀመጠችና ንጋትን ጠርታ ቀስ ብላ፣ «ያኔ ይሄ ቢኖር ያውቅ ነበር?» አለቻት። ንጋት «ያውቅ ነበር» አለች። እታገኘሁ ረጅም ጊዜ ጣሪያውን ስታይ ቆየች።

የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማለዳ፣ የእታገኘሁ ትንፋሽ ከፋ። መጋደም ስለማትችል፣ ደግሞም በእኛ አገር በሽተኛ እንደ ጭነት ብቻውን ስለማይላክ፣ ንጋት ቀድማ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠችና እናቷን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጀርባዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ በሁለት እጇ አቀፈቻት። ዘውገ በዚያ ቀን እጅ ለዘረጋ አንድም ሰው አልቆመም። ዓይኑ አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ ስክሪኑ ላይ ነው። ትንፋሽ ሠላሳ፣ ልብ መቶ ሃያ። ኮረኮንቹ መኪናዋን ያንገጫግጫል፤ ቁጥሩ ይዘበራረቃል፤ መንገዱ ሲስተካከል ይመለሳል።

«እግሬን በረደኝ» አለች እታገኘሁ። ንጋት በነጠላዋ ሸፈነችላት።

«ትንሽ ላሸልብ» አለች ደግሞ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ትንፋሽ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ልብ ሰባ ስምንት። ጤነኛ ሰው ማለት ይሄ አይደል? ንጋት የእናቷን ሻሽ ሳመች። «ተሻላት፣ አባዬ» አለች። ዘውገ «ተመስገን» አለና አማተበ። አሥራ ሁለት ዓመት የተቆለፈው አፉ እዚያ ተከፈተ። ፊት ለፊት ቢሆን አይሆንለትም ነበር። መሪ ጨብጦ፣ ዓይኑን መንገድ ላይ ተክሎ ግን ተቻለው።

«እታገኘሁ» አለ። «ተኝተሽም ከሆነ ተኝተሽ ስሚኝ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አንቺን የጠየቅኩት ራሴን መጠየቅ ፈርቼ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ስክሪኑን አየ። ሰባ ስምንት የነበረው ዘጠና ሆነ።

«በሰው ፊት ስላዋረድኩሽ ይቅር በይኝ...»

መቶ አራት።

«ሰማችኝ» አለ ዘውገ፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። «ልቧን እዪው፣ ንጋት። ሰማችኝ።» ንጋት እንባዋን በእናቷ ሻሽ ጠረገች። ከዚያ እስከ ላሊበላ ድረስ ሰውየው አላቋረጠም። የማርያማዊትን ስም ጠራ። ሲጋቡ የነበረውን፣ ሚኒባሷን የገዙ ዕለት የሳቁትን ሳቅ ሁሉ አወራት። ቁጥሩም እየሰማ፣ እየመለሰ አብሮት ተጓዘ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ የእታገኘሁን አንገት ዳሰሰች። ደጋግማ ዳሰሰች።

«መቼ ነው ያረፉት?» አለች በዝግታ።

«እየተነፈሰች ነው» አለች ንጋት። «አሥራ ስምንት ነው የሚለው።»

እታገኘሁን ከንጋት እቅፍ ውስጥ አንሥተው አልጋው ላይ አኖሯት። ያን ጊዜ ዘውገ ስክሪኑን አየ። ቁጥሩ አልጠፋም። ትንፋሽ ሃያ፣ ልብ መቶ አሥራ ሁለት። ወንበሩ ላይ የቀረችው ንጋት ብቻ ናት። አባት ስክሪኑን፣ ከዚያም ልጁን እያየ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ወይ ዕጣ! መሣሪያዋ አልዋሸችም። ፊቷ ያለውን ትንፋሽ ቆጠረች እንጂ የማን ነው ብላ አትጠይቅም። ንጋት በሞከረቻት ቁጥር አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነበር። በሽተኛ በዘመድ ደረት ላይ ተደግፎ በሚሄድበት አገር ተወልዳ፣ ሁለት ሰው እንደ አንድ ተቃቅፎ እንደሚቀመጥ እንዴት አላሰበችም? የእናቷ ትንፋሽ እየከሰመ ሲሄድ ከኋላ ያለው የራሷ ትንፋሽ ቦታውን ወረሰ። እንደ ተሻላት የቆጠሩት ሞቷን ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ዘውገ የያዘው አንድ ሐሳብ ነው። «እኔ መናገር ስጀምር ነፍሷ ነበረች ይሆን?» ይላል። ለቀስተኛ ሲሄድ ይጠይቃል፤ እራት ሲቀርብ ይጠይቃል። መልሱ ንጋት እጅ ላይ ነው፤ መሣሪያዋ የጉዞውን ሁሉ በሚሞሪ ካርድ መዝግባለች። ልጅቷ ግን መክፈት ፈራች። ያን ሁሉ ዓመት ማወቅን የፈለገች ልጅ ማወቅን እንዴት ትፍራ? ተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው በማለዳ ላፕቶፗን ከፈተች።

የተደባለቀውን መስመር ለያየችው። ሁለት ነበሩ። አንዱ ወፍራም፣ የራሷ። አንዱ እንደ ፈትል የቀጠነ፣ ፈጣን፣ የእናቷ። ፈትሉ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ አለቀ። ከዚያ አሥራ አንድ ደቂቃ ወፍራሙ መስመር ብቻውን ይሄዳል። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ወፍራሙ መስመር ድንገት ዘለለ። አባቷ «እታገኘሁ» ያለው እዚያ ጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር? አንዲት ቃል «ሰምታዎታለች» ብትል የሰውየው ዕድሜ ይቀናል። ንጋትም አፏ ላይ ደርሶላት ነበር። ግን ከእውነት ሽሽት ያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

«አልሰማችዎትም፣ አባዬ» አለችው። «ቀድማ ሄዳለች። የሰማሁዎት እኔ ነኝ።»

ዘውገ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ንጋትም እግሩ ሥር ተቀመጠችና «ግን አባዬ፣ አቅፌያት ሳለሁ እንዴት አላወቅኩም?» አለች።

ጥያቄው ለሁለተኛ ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ተነሣ።

«ያቀፈ ሰው አያውቅም፣ ልጄ» አላት ዘውገ። «የራሱ ትንፋሽ ነው የሚሰማው። የሚወደው ሰው ስለሆነ የእሱ ይመስለዋል። እናትሽም የሆነችው ይሄንኑ ነው።»

በተዝካሩ ዕለት፣ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐቱን ፈጽመው ሕዝቡ ማዕድ ሊቀርብለት ሲል፣ ዘውገ ዳሱ መካከል ቆመ። «ከዚህ በፊት በዚህ ግቢ ሚስቴን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር» አለ። «የሰማችሁ አላችሁ። መኪናውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ልጃችን የሞተችው በእኔ መዘግየት ነው። እሷ ልጇን እስከ መጨረሻው አቅፋ ነበር። ይህን ለእሷ ልነግራት ሲገባኝ ለእናንተ ነገርኩ፤ ጊዜው አልፎብኝ ነው።» ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አንድ ሽማግሌ «ይፍታህ» አሉ።

ያቺ ሚኒባስ ዛሬም ከብልባላ ላሊበላ ትመላለሳለች፤ መሣሪያዋም ከጣሪያው አልወረደችም። ንጋት ሁለት ትንፋሽ ለይታ እንድትቆጥር አስተምራታለች። የምትሞክርበት ሁለተኛ ሰው አጥታ ስትቸገር ዘውገ ራሱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ክንዱን ዘረጋላት። ማርያማዊት ከሞተች ወዲህ ልጁን አቅፎ አያውቅም ነበር። ስክሪኑ ላይ አራት ቁጥር ወጣ፤ ሁለቱ የእሱ፣ ሁለቱ የእሷ። ንጋት ቁጥሩን አየችና ልትነሣ ስትል አባቷ «ትንሽ ይቁጠር» ብሎ አልለቃት አለ። የሰው ልጅ ዕጣው ይኸው ነው፤ ስንት ትንፋሽ እንደቀረው የሚነግረው የለም፣ ይቅርታውን ግን ገና ሰፊ ቀን እንዳለው ሰው ያሳድረዋል። ዘውገ አሥራ ሁለት ዓመት ነበረው፤ የጎደለው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።