ከለቅሶው የተረፈው የይለፍ ቃል

ወይዘሮ ገላነሽ ባለቤታቸውን የቀበሩ ሰሞን፣ አቦከር ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ለሦስት ቀን ተተክሎ ነበር። ለቀስተኛው ሩቅ ላለ ዘመድ መርዶ ለመንገር ሲቸገር የእድሩ ጸሐፊ የቤቱን ዋይፋይ የይለፍ ቃል በካርቶን ጽፎ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። የይለፍ ቃሉን ግን ማንም አልቀየረውም።

ስምንት ወር አለፈ። ልጃቸው ልደት አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ለሚሰጠው የሥራ ፈተና ካሜራ ፊት ተቀመጠች። ፈተናው ሃያ ደቂቃ እንደሄደ የፈታኙ ፊት ደርቆ ቀረ፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ድርጅቱ ለሐሙስ አንድ ዕድል ብቻ ጨመረላት።

የራውተሩን ገጽ በስልኳ ከፍታ ለእናቷ አሳየቻቸው። «ሃያ ሦስት ስልክና ቴሌቪዥን ተያይዞበታል። የእኛ ሁለት ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ገላነሽ መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን አነበቡ። የሙሜ ሱቅ፣ ሚልኪያስ፣ የዘይነባ ቤት ቴሌቪዥን። የማያውቁት አልነበረም።

«ፓስዎርዱን ልቀይረው፣ እማዬ።»

«አባትሽን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ዘግቼባቸው ነገ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?»

«እኔስ በምን ልፈተን? የስልኬ ዳታ እንደሆነ ይህን የድንጋይ ግድግዳ አያልፍም።»

እናት ማክሰኞ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ዘይነባ በር ሁለት ጊዜ ሄደው ሳያንኳኩ ተመለሱ። ልደት ከክፍሏ አልወጣችም።

ረቡዕ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሲመርጡ ዘይነባ ራሷ አገኘቻቸው።

«ገላነሽ፣ ያ ዋይፋያችሁ ምን ነካው? ልጆቼ ኳስ ሲያዩ ልክ ጎል ሊገባ ሲል ቀጥ ይላል። አስጠግኚው እንጂ።»

ወይዘሮ ገላነሽ ሳቅም እንባም መጣባቸው። የልደትን ነገር ነገሯት።

ዘይነባ ያነሣችውን በርበሬ መለሰችው። «አስተግፊሩላህ። ስምንት ወር ሙሉ የልጅቷን እንጀራ ስንሻማ ዝም አልሽ? ለቅሶ የደረስነው ለዋይፋይ መስሎሽ ነው?»

«እንዳይከፋችሁ ብዬ…»

«አሁን ነው የከፋኝ። ዝጊው። ካልዘጋሽው ግን እንጣላለን።»

ያን ቀን ከሰዓት ልደት የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ ለእንግዳም ፍጥነቱ የተወሰነ ሌላ መስመር ከፈተች። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ገላነሽ በርጩማቸውን ክፍሏ በር ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ የልጃቸውን ድምፅ አዳመጡ። አንዴም አልተቋረጠም። ውጤቱ ገና አልታወቀም።

መስመራችን የተንቀራፈፈብን ስንቶቻችን የኢንተርኔት ካምፓኒውን ስናማ፣ ቁልፉን ለሰፈር ያደልነው ራሳችን መሆናችንን ረስተናል። ጎረቤት በግልጽ ሲነግሩት ይገባዋል፤ አስሮ የሚያስቀምጠን የራሳችን ይሉኝታ ነው።

በወሩ የእድር ስብሰባ ወይዘሮ ገላነሽ እጃቸውን አወጡ። «ከእንግዲህ ድንኳን ሲነሣ የለቅሶው ቤት ፓስዎርድም አብሮ ይቀየር። ሐዘንተኛ ራሱ አይጠይቅም።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ በቃለ ጉባኤው መዘገበው።